አቶ ኪሩቤል አልተነሱም

ጠዋት ጠዋት መኖራችን ይነገረናል። ግድግዳው እንደ ሰው ጉሮሮውን አይጠርግም፤ በቀጥታ ይጀምራል። «ምዕራፍ ኪሩቤል፣ አሉ። አቶ ኪሩቤል ጥበቡ፣ አሉ።» አባዬ ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ «ተመስገን» ይለዋል። ለፈጣሪ ይሁን ለግድግዳው ጠይቄው አላውቅም።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ በር የሌለው ክፍል ሊገኝ ይችላል፤ የማይቆጥር መቃን ግን አይገኝም። ሁላችንም ግራ የእጅ አንጓችን ላይ፣ ከቆዳችን ሥር፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር አለችን። ስሟም ስንዴ ሆኖ ቀረ። ከክፍል ክፍል ባለፍን ቁጥር መቃኑ ስንዴዋን ያነባል፣ ግድግዳው ይናገራል። ምዕራፍ ወጥተዋል። ምዕራፍ ገብተዋል። ሽንት ቤት ስንገባም አይምረንም፤ እዚያ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጨዋ ነው። የሰፈሩ ልጆች ድብብቆሽ ከተዉ ቆይተዋል። ግድግዳው ያሳብቃላ።

ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጣሪያውም ሥራ አለው። ሰው ይቀመጥ ይቁም ከፍታውን ይለካል፣ ድምፅም ይለያል። አባዬ ሰባ አምስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ «ጥበቃ» ውስጥ ነው። ጥበቃ ውስጥ ያለ ሰው ከክፍለ ከተማው ለመውጣት የሐኪም ወረቀት፣ የአጃቢ ስምና የሳምንት ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ ከቤቱ ከጠፋ፣ ቤተሰቡ ሊጠብቀው አልቻለም ተብሎ ወደ ማረፊያ ይወሰዳል።

ማረፊያ ከከተማው ዳር ያለ ረጅም ሕንፃ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ወይ አማርኛ አያውቅም፣ ወይ አብዝቶ ያውቃል። ክፉ ቦታ ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሄዶ የተመለሰ ስለሌለ ክፉም ደግም የሚያወራልን የለም። የብሎካችን ተጠሪ ናሆም እናቱን በገዛ እጁ ፈርሞ አስገብቷል፤ ተጠሪነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ የሚዘል ወሬ ግን የለንም።

እኔ ቀን ቀን የምሠራው ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ መያዝ ነው፤ ከቤት ሆኜ፣ በስልክ። ሲመሽ ግን ሽቦ እጠመጥማለሁ። ይሄ አመሌ የጀመረኝ በአባዬ መነጽር ምክንያት ነው። አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን የሚያተራምስ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ ከድሮ ሆቴል የክፍል በሮች የተነቀሉ ማንበቢያዎችና አንድ ከረጢት ባዶ ምልክቶች ይዤ መጣሁ። ምልክቶቹ እንደ ስንዴያችን ያሉ ናቸው፤ ልዩነታቸው ዕቃ ላይ መለጠፋቸው ብቻ ነው። አንዱን መነጽሩ ላይ፣ አንዱን ከዘራው ላይ፣ አንዱን የመዳዊቱ ሽፋን ላይ ለጠፍኩ። የመዳብ ሽቦ በማሰሮ ክዳን ላይ ጠምጥሜ አንቴና ሠራሁ፤ ማንበቢያውን አያያዝኩ። ከዚያ በኋላ «መነጽር» ስለው «ማዕድ ቤት» የሚል ትንሽ ሳጥን ነበረን።

«መነጽሬ ከእኔ የተሻለ አድራሻ አላት» ብሎ አባዬ ሳቀብኝ።

ችግሩ የመጣው በሌላ ቀን ነው። ሳጥኑን ክፍት ትቼው አባዬ በአጠገቡ ሲያልፍ አንድ የማላውቀው ረጅም ቁጥር የሳጥኑ ማሳያ ላይ ወጣ። የአባዬ ስንዴ ነበረች። ያን ቀን ደንግጬ ዘጋሁት። በማግስቱ ከፈትኩት። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ካዩት በኋላ አላየሁም ማለት አይቻልም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ደብረ ሲና የሚኖሩት የአባዬ ታላቅ እህት፣ እማማ ቤዛዊት፣ አርፈዋል። ቀብሩ በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። አባዬ ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ አላለቀሰም። ጫማዎቹን አውጥቶ ቀለም መቀባት ጀመረ።

«አባዬ፣ ፈቃድ እኮ ሳምንት ይፈጃል።»

«እሷ ሳምንት አትጠብቀኝም።»

«ታዲያ ጫማ የምትቀባው ወዴት ልትሄድ ነው?»

መቀባቱን ቀጠለ። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እኅቱ ናት። ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ፣ ሲያገባ የዳረችው እሷ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ስለ ፈቃድ ማውራቴ አሳፈረኝ። ቡሩሹን ከእጁ ወሰድኩና «ና፣ አንጓህን አምጣ» አልኩት።

የስንዴዋን ቁጥር ባዶ ምልክት ላይ ገለበጥኩት። ለራሱ ደግሞ ከአሮጌ ማይክሮዌቭ በር ላይ ያወጣሁትን የብረት መረብ በጨርቅ ሸፍኜ አንጓ ማሰሪያ ሰፋሁለት፤ እሱን እስካሰረ ድረስ የትኛውም መቃን አያየውም። ቀሪው ሥራ ግልባጩ እንደ ሰው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነበር። ወለል የምትጠርግ ማሽን አለችን፤ ድስት ክዳን የምታህል፣ በራሷ የምትዞር። ግልባጩን እሷ ላይ ለጠፍኩና ለቀቅኳት።

«አቶ ኪሩቤል ወድቀዋል?» አለ ግድግዳው ወዲያው።

ለካ ግልባጩ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ነበር። አባዬ ማሽኗ አጠገብ ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ «አልወደቅሁም፣ ጫማ እያሰርኩ ነው» አለና አዳነን። የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ፈልጌ ማሽኗ ላይ ተከልኩ፤ ግልባጩን የተቀመጠ ሰው አንጓ በሚደርስበት ቦታ አሰርኩት። ከዚያ የአባዬን ቀን ጻፍኩላት። መቼ ወደ በረንዳ፣ መቼ ወደ ሽንት ቤት፣ መቼ ለጸሎት ወደ ምሥራቁ መስኮት፣ መቼ ጋደም። አባዬ ማሽኗን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ዕድሜዬን በሙሉ ቤት ጠርጌ አላውቅም። አሁን በስተርጅና አስጠረግሽኝ» አለ። ቆይቶም «ግልባጭ፤ ለሚመለከተው ሁሉ» አለና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ጎህ ሲቀድ ወጣ። ስልኩን ቤት አስቀረሁበት፤ ስልክም ይቆጠራላ። በኋለኛው ደረጃ ውረድ፣ በኋለኛው ደረጃ ተመለስ፣ ቤት ስትገባ ማሰሪያውን መኝታ ቤት እስክትፈታ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ጣሪያው ድምፁን ሳሎን፣ ስንዴውን መኝታ ቤት ካገኘ አለቀልን። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ማለልኝና ሄደ።

ጠዋቱ ደህና አለፈ። ግድግዳው «አቶ ኪሩቤል፣ አሉ» ሲል «ተመስገን» ያለው የለም፤ የማሽኗ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። አቶ ኪሩቤል በረንዳ ወጡ። አቶ ኪሩቤል ወደ ሽንት ቤት ገቡ፤ ትንሽ ቆዩ፤ እሱንም አስቤበት ነበር። ወደ ክሊኒኩ ለሚደውሉ ሰዎች ቀጠሮ እየያዝኩ በጎን ዘንጉን አያለሁ። ከሰው ጋር የምኖር እስኪመስለኝ ድረስ ሲያልፍ መንገድ እለቅለት ጀመር።

በሩ ሲንኳኳ ረፋድ ላይ ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ ፌቨን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«እኔን! እንዲህ ያለ መርዶ ለብቻችሁ ትይዛላችሁ? እኛ ሰው አይደለንም?»

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ሲና ለእድራችን ደውላ ኖሯል። «አጎቴ መምጣት ስለማይችል ብቻውን እንዳይሆን፣ አደራ» ብላ። ከእትዬ ፌቨን ኋላ እድሩ አግዳሚ ወንበርና ፍራሽ እያወጣ ነበር። አባዬን ወደ ለቅሶ በድብቅ ስልክ፣ ለቅሶ ራሱ ወደ ቤት እንደሚመጣ ትዝ ሳይለኝ ቀረ። ሁሉን አስቤ ይህን አላሰብኩም። ማሽኗን በጥድፊያ ወደ መኝታ ቤት ነድቼ በሩን ዘጋሁ።

«ወይዘሮ ፌቨን ገብተዋል» አለ ግድግዳው። «ምዕራፍ ተነስተዋል። አቶ ኪሩቤል አልተነሱም።»

ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። ይህን መለኪያ የሠሩት የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ሽማግሌ መድከሙን በምን እንወቅ ብለው ሲመክሩ፣ ከደም ግፊትም ከልብ ምትም የሚያስተማምን አንድ ነገር አገኙ። እንግዳ ሲገባ «ኖር» ብሎ ይነሣል ወይስ አይነሣም? ጤነኛ ሽማግሌ ወገቡን እያመመውም ቢሆን ይነሣል፤ ክፍሉ ውስጥ ቢሆን እንኳ የሰው ድምፅ ሲሰማ ካልጋው ቀና ይላል። መነሣት ያቆመ ሰው አልቆለታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ አባቴን ጠዋት እንዲጸልይ፣ ቀትር ላይ ጋደም እንዲል አድርጌ ጽፌው፣ ኖር ማለት ረስቼበት ነበር። የጃንጥላ ዘንግ አይነሣም።

ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። ለለቅሶ የተከፈተ በር አይዘጋም። ለእያንዳንዱ ሰው ግድግዳው ያንኑ ይደግማል፤ አቶ ኪሩቤል አልተነሱም፣ አቶ ኪሩቤል አልተነሱም። ያ ድምፅ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡትን ሁሉ እየከበዳቸው ሲሄድ ይታየኛል። ኪሩቤልን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«አቶ ኪሩቤል ደክመዋል» አለ ግድግዳው በመጨረሻ። «ነርስ ይላክ?»

«አይላክ፤ አዝኖ ነው» አልኩ።

«ተመዝግቧል። ተጠሪው መጥተው ያረጋግጣሉ።»

ጋሽ ኢምራን የገቡት በዚህ መሃል ነው። እሳቸው ከአባዬ ጋር በዳማ ሲጣሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ታሞ ደረጃውን በሁለት እጃቸው እየተሳቡ ነው የሚወጡት። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሳላየው አልቀመጥም።»

«ተኝቷል፣ ጋሼ።»

«ኪሩቤል? ቤዛዊት ሞታበት?» ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ውሸት ስናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ እንደሚቀላ ያውቃሉ። ገፋ አድርገውኝ መኝታ ቤቱን ከፍተው ገቡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉ።

በሩ ላይ ቆሜ የምጠብቀው ጩኸት ነበር። በምትኩ ግድግዳው ተናገረ።

«አቶ ኪሩቤል ተነስተዋል።»

ከዚያ የጋሽ ኢምራን ለቅሶ ተሰማ፤ የምር ለቅሶ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ለተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ለጣሪያውም እንዲሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«ሰው ሲገባለት ይነሣል። መናገር ግን አቅቶታል። አንድ አንድ እያላችሁ ግቡና አጽናኑት።»

ወደ እኔ ጠጋ ብለው ግን በጆሮዬ «ዘንጉን ከፍ ማድረግ ነው አይደል?» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

እስኪመሻሽ ድረስ ብሎኩ በሙሉ ተራ ይዞ ገባ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አቶ ኪሩቤል ተነስተዋል። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አቶ ኪሩቤል ተነስተዋል። አንዳንዱ አልቅሶ ይወጣል፣ አንዳንዱ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ፤ የሳቅ ይሁን የእንባ አይለይም። እትዬ ፌቨን ሲወጡ ጎንበስ ብለው «አባትሽ ክስት ብሏል» አሉኝ። ማንም የጠየቀኝ የለም፤ የት ሄደ ያለ የለም። ተጠሪው ግን በመንገድ ላይ ነው፣ አባዬም በመንገድ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰውን የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ፌቨንን ታች ዋናው በር ላይ ቆመው አባዬን እንዲያስቀሩልኝ በጆሯቸው ለመንኳቸው። እየሮጡ ወረዱ።

«አቶ ናሆም ገብተዋል።»

ናሆም ጥቁር ለብሶ ነበር። ነፍስ ይማር ብሎኝ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የተጠሪነት ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጓል።

«ምዕራፍ፣ ጋሽ ኪሩቤልን ማየት አለብኝ። ታውቂያለሽ፣ ግዴታ ነው።»

«ሰው ገብቶበታል። ተራህን ጠብቅ።»

መኝታ ቤት የገባችው የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ይህን ስለሰማች ለቅሶዋን አረዘመችው። ዘንጉን እያወረደች ታነሣዋለች መሰለኝ፣ ግድግዳው «ተነስተዋል» ይላል፣ እሷ ሙሾ ታወርዳለች። ናሆም ጠበቀ። እሱ ዓይኑን ከመኝታ ቤቱ በር ላይ አላነሣም፤ የማረፊያ ሰዎችን የሚጠራው ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል።

አባዬን ራሴ በኋለኛው ደረጃ ተመለስ ብዬው እትዬ ፌቨንን ዋናው በር ላይ ማቆሜ የገባኝ፣ አባዬ ሳሎኑ መሃል ሲቆም ነው።

በተከፈተው በር ገባ። ትናንት የቀባው ጫማ የመቃብር አፈር ለብሷል፤ ጋቢው ትከሻው ላይ ተንሸራቷል። መቃኑ አላየውም። ግድግዳው ምንም አላለም። እኛ ግን አየነው።

ሁሉም ተነሣ። ማንም አላሰበበትም። ጋሽ ኢምራን ያንን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። አግዳሚው ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ መሬት ላይ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለና «ኖር!» አለ፤ እኔም አልኩ። ናሆምም ቆሞ ነበር። ሰሌዳው ከጭኑ ወድቋል። እንዴት እንደተነሣ ራሱም የገባው አይመስልም።

ግድግዳው ትንሽ ዘገየ። እንዲህ ሲዘገይ ሰምቼው አላውቅም።

«በሳሎን ያሉ ሁሉ ተነስተዋል። የገባ ሰው የለም። ተጠሪ፣ ያረጋግጡ። ማን ገባ?»

ናሆም አባዬን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ የራሱን እግር ያያል። ማንም አልገባም ቢል እሱስ ለማን ተነሣ? መነሣቱ ተመዝግቧል።

አባዬ ማድረግ የነበረበት መራመድ ብቻ ነው። ሳሎኑን አቋርጦ መኝታ ቤት ቢገባ፣ ማሰሪያውን ቢፈታ፣ እኔም ግልባጩን ባጠፋ፣ ያልቅ ነበር። በዓይኔ ለመንኩት። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ገብቶታል፤ እሱም ቃል ገብቶልኛል። ነገር ግን ከተነሣው ሰው አንድም የሚቀመጥ አልነበረም። የተነሣህለት ሰው ተቀመጡ ሳይል አትቀመጥም። የጋሽ ኢምራን ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳውን ተደግፈው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አባዬ አያቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ እኔንም አየኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይን ነበር።

«በእግዜር» አለ። «ተቀመጡ። በሞቴ፣ ተቀመጡ።»

ሰዉ ተቀመጠ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን ተናድጄበት አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ኮርቼበት አላውቅም።

«ድምፅ፣ አቶ ኪሩቤል፣ ሳሎን» አለ ግድግዳው። «ስንዴ፣ አቶ ኪሩቤል፣ መኝታ ቤት። ጥበቃው ተጥሷል። ከማረፊያ ሰው ተልኳል።» ናሆም ሰሌዳውን አላነሣውም። ግድግዳው ራሱ ነው የጠራቸው።

አባዬ ማሰሪያውን ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠውና ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ ፍራሹ ላይ፣ ከጋሽ ኢምራን ጎን ተቀመጠ። አሁን ነው ያለቀሰው። ድምፁን ሳይቀንስ፣ እንደ ልጅ፣ እህቴን እህቴን እያለ። ቀብሩ ላይ ሰው እንዳይለየው ፈርቶ ከሩቅ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ነበር ለካ። አፈር እንኳ ያለበሳት ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። ጋሽ ኢምራን ጀርባውን እያሹ አስለቀሱት።

ከዚያ ወሬው መጣ። ስለ እማማ ቤዛዊት አወራልን። ሰው ሲያማት ሰምታ እንደማታውቅ፣ ጆሮዋ ከደነቆረ በኋላ ሁሉንም ሰው ጥሩ ነው ትል እንደነበር። እትዬ ፌቨን እያለከለኩ ከታች ተመለሱ፤ አባዬን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። የሚሄድ አልነበረም። ቀድሞ ሊወጣ የተነሣ ሁሉ ተመልሶ ተቀምጧል። እኔም ሄጄ አባዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ። የመቃብሩ አፈር ከጫማው ላይ እየተፈረፈረ ቀሚሴ ላይ ይወድቃል፤ አላራገፍኩትም።

ናሆም ከአግዳሚው ጫፍ ተነሥቶ መጣና አባዬ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ጋሽ ኪሩቤል… እዚያ ማረፊያ፣ እናቴ አለች።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ሦስተኛ ፎቅ ነበረች ያኔ። አሁን እንጃ። መጠየቅ አይፈቀድም። ካገኟት…»

«ስሟ ማን ነው? እኛ የምናውቃት የናሆም እናት እያልን ነው።»

«ሶስና።»

«ሶስና» አለ አባዬ እንዳይረሳው። «እጠይቃለሁ። ምን ልበልልህ?»

ናሆም ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አባዬ ክንዱን ይዞ ሳብ አደረገውና ፍራሹ ላይ፣ አጠገቡ አስቀመጠው። «ይቀመጣል ሰው፣ ቁጢጥ አይባልም» አለው። ናሆም ተቀመጠ።

የማረፊያ ሰዎች በዋናው ደረጃ ሲወጡ ሰማናቸው፤ የጫማቸው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ሦስት ናቸው። ፊተኛው ሸምገል ያለ፣ ሽበታም፣ ደልደል ያለ ሰው ነው፤ ፊቱ ክፉ አይደለም። በሩ ላይ ቆመና ጎንበስ አለ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ሲያይ ትንሽ አመነታ። እግዜር ያጥናችሁ አለ። ከዚያ ገባ፣ ሁለቱም ተከተሉት።

«ሦስት እንግዶች ገብተዋል» አለ ግድግዳው።

ሽበታሙ ሰው እጁን ወደ ደረቱ አድርጎ መሃል ላይ ቆመ። «በእግዜር» ለማለት አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ጉልበቴ ሊነሣ ሲል ተሰማኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽበት ሲገባ የሚነሣ ጉልበት ነው፤ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት። ጎኔ ያለው አባዬ ጋቢውን አስተካከለ እንጂ አልተነቃነቀም። ጋሽ ኢምራን እግራቸውን ዘርግተው ጣሪያውን ያያሉ። እትዬ ፌቨን ነጠላቸውን ይጠቀልላሉ። አግዳሚው እንኳ ሲጢጥ አላለም።

ግድግዳው በዚህ ጊዜ በጣም ዘገየ። ከዚያ በዚያ ጥርት ባለ ድምፁ፣ አንድም ሰው ሳይዘል፣ ስማችንን ይጠራ ጀመር። አቶ ኪሩቤል አልተነሱም። አቶ ኢምራን አልተነሱም። ወይዘሮ ፌቨን አልተነሱም። ምዕራፍ አልተነሱም። የብሎኩን ሰው በሙሉ ዘረዘረ፤ ሽበታሙ ሰው እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ቆሞ ሰማው።

የመጨረሻው ስም የናሆም ነበር።